በሹራብ ደረት ላይ የምትሰፋ ፊደል

በአሜሪካን አገር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከተማሪዎቹ መካከል አንዳንዶቹ በሹራባቸው ወይም በጃኬታቸው ደረት ላይ መዳፍ የምታህል አንዲት ወፍራም ፊደል አሰፍተው ይታያሉ። ፊደሏ የትምህርት ቤቱ ስም የሚጀምርባት ናት። አባቱ ሀብታም ስለ ሆነ ብቻ ይህችን ፊደል የሚያሰፋ ተማሪ የለም፤ ቢያሰፋም ጓደኞቹ ይሥቁበታል። ተማሪው በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ገብቶ፣ የውድድሩን ወራት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ታግሦ፣ አስቀድሞ የተወሰነውን ነጥብ ያገኘ እንደ ሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ በመምህራኑና በወላጆቹ ፊት ትሰጠዋለች። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ቢያልፍ፣ ራሱ ቢመለጥና ቦርጩ ቢገፋ፣ ያን ሹራብ ከሣጥኑ አውጥቶ አይጥለውም።

ውድ አንባቢዎች፣ «ፈረንጅ የማያመጣው ነገር የለም» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡን። ዛሬ ልናወራችሁ ያሰብነው በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የወሎ ደጋ ስለሚሮጡ ተማሪዎች ነው። የአሜሪካኖቹን ፊደል ያነሣነው ለእነዚህ ልጆች የሚሆን አንድ ነገር በውስጧ ስላገኘን ነው።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ በስተ ምዕራብ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደጋውን እያቋረጠ የሚመጣ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ ከፊቱ የሚጠብቀው የዓባይ በረሃ ነው፤ ከበረሃው ማዶ ጎጃም ይታያል። ከተማዋ ያለችበት ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ይህን ቁጥር ልብ በሉ። በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የኦሊምፒክ ጨዋታ በሜክሲኮ ከተማ በተደረገ ጊዜ የብዙ አገሮች ሐኪሞችና አሠልጣኞች «ከፍታው 2,240 ሜትር ነው፣ አየሩ ሳስቷል፣ ሯጮቻችን ትንፋሽ ያጥራቸዋል» እያሉ አስቀድመው ሲጨነቁ ነበር። በዚያ ሳስቷል በተባለው አየር ውስጥ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ወጣ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ፈጽሞ ወርቁን ወሰደ። በመካነ ሰላም በዕረፍት ሰዓት ኳስ የሚያሳድድ ልጅ እንግዲህ ከሜክሲኮ ስታዲየም ከፍ ባለ መሬት ላይ ይጫወታል ማለት ነው፤ ይህንንም ማንም አልነገረውም።

አየሩ በዚያ ከፍታ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲመዛዘን ሩብ ያህል የሳሳ ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ደሙና ሳንባው ከልጅነቱ ጀምሮ ይለምደዋል። በዚህ ላይ የእግሩ መንገድ አለ። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ዓርብ ከቀትር በኋላ ወደ ቤተሰቡ ይወርዳል፣ እሑድ ማታ በሶውን፣ ቆሎውንና እንጀራውን በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሲመለስ መሮጡን፣ ደብተሩን ይዞ ከመሮጡም የተነሣ ግራ ክንዱ እንደ ታጠፈ መቅረቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እንዲህ ዓይነት ክንድ በወሎ ደጋም በብዛት ይገኛል።

ታዲያ የሚጎድለው ምንድን ነው? በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን እንደምናየው የሩጫ ቡድን የሚባለው ነገር የሚወለደው ውድድር ሊደርስ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። መምህሩ ልጆቹን በሜዳው ዙሪያ ያስሮጣል፤ ቀድመው የመጡት ይያዛሉ፤ መኪና ተፈልጎ ወደ ውድድሩ ከተማ ይሄዳሉ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ያገኛል። አራተኛ የወጣው ልጅ በመኪናው የኋላ ወንበር ተቀምጦ ዝም ብሎ ይመለሳል። ሰኞ ዕለት በሰልፍ ላይ የአሸናፊዎቹ ስም ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ነገሩም አበቃ። በሚመጣው ዓመት «አምና ማን ሮጦ ነበር? በስንት ደቂቃ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ መልሱ በማንም መዝገብ ውስጥ የለም።

የፊደሏ ጥቅም የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ሜዳሊያ የአንድ ቀን ዳኛ ነው፤ በዚያች ሰዓት የቀደመውን ያያል። ፊደል የምትመዝነው ወራቱን ሁሉ ነው። እንዴት እንደምትመዝን በቁጥር ላሳያችሁ። በአሜሪካን አገር ሁለት ትምህርት ቤቶች ለብቻቸው ሲገናኙ በእያንዳንዱ የውድድር ዓይነት አንደኛ የወጣ 5 ነጥብ፣ ሁለተኛ 3 ነጥብ፣ ሦስተኛ 1 ነጥብ ለትምህርት ቤቱ ያስገባል። እንግዲህ ስድስት ጊዜ ውድድር ያለበት ዓመት እንበል፤ ለፊደል የተወሰነውም 6 ነጥብ ይሁን። አንድ ፈጣን ልጅ በመጀመሪያው ቀን አንደኛ ወጥቶ 5 ነጥብ ያገኝና «እኔን የሚቀድም የለም» ብሎ ከልምምዱ ይቀራል። ሌላው፣ እግሩ ከባድ የሆነው፣ በስድስቱም ቀን ይሰለፋል፤ በስድስቱም ቀን ሦስተኛ ይወጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ክሩን አልበጠሰም፤ ነገር ግን 6 ነጥብ አለው። ፊደሏ የእሱ ናት።

ይህ ትክክል አይደለም የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «አንደኛ የወጣ ባዶውን ሄዶ ሦስተኛ የወጣ ይሸለማል ወይ?» ይለኛል። አንደኛ የወጣውማ ሜዳሊያውን ይዟል፤ ማን ወሰደበት?

ልማዱ የተጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1865 በሃርቫርድ ነው ይባላል። የኮሌጁ የቤዝቦል ቡድን በግራጫ ሸሚዙ ላይ «ኤች» የምትባለዋን ፊደል ሰፋ። ቆይቶም አንድ ሥርዓት ገባበት፤ በዋና ዋናዎቹ ግጥሚያዎች የተጫወተ ፊደል ያለበትን ልብስ ይዞ ይቀራል፣ ያልተጫወተ ወራቱ ሲያበቃ ይመልሳል። «ቫርሲቲ» የሚሉት ቃል ራሱ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው፤ «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ተማሪዎች አሳጥረው ሲጠሩት እንዲያ ሆነ። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ በፊደል ፈንታ ቀለም ይሰጣል፤ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሩጫ ግጥሚያም ከ1864 ጀምሮ የነበረ ነው። ከሃርቫርድ በኋላ ነገሩ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ። ዛሬ የሩጫ ቡድን ልጅ በፊደሉ ላይ ክንፍ ያላት እግር የምትመስል ትንሽ ምልክት ይሰካበታል፤ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ፊደል አይሰጠውም፣ አንዲት ቀጭን መስመር ትጨመርለታለች።

ከእኛም ወገን በዚያ ሜዳ የታወቀ አለ። በሜሪላንድ ግዛት ለሸርውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሮጥ የነበረው ኢትዮጵያዊው ሰሎሞን ኃይሌ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. በሳን ዲዬጎ በተደረገው የአገር አቋራጭ ሩጫ የመላውን አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቀድሞ ወጥቷል። ይህን ያህል ከሄደ ልጅ በስተ ጀርባ በየሳምንቱ የሚደረግ ግጥሚያ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው፣ ውጤት የሚጽፍ እጅ አለ። እኛ የቀናንበት እግሩን ሳይሆን ይህን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ማሞ ወልዴ ልመልሳችሁ። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። ማሞ በዚያ ነበር፤ 800 ሜትር ሮጠ፣ 1,500 ሜትር ሮጠ፣ በዱላ ቅብብልም ተሰለፈ። በአንዱም ከማጣሪያው አላለፈም። በሜክሲኮ ወርቁን ያገኘው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ ነው። በሜልቦርን የነበረው ማሞ በእኛ ትምህርት ቤት አሠራር ቢዳኝ ኖሮ በመኪናው የኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚመለሰው ልጅ እሱ በሆነ ነበር። ደግነቱ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ ክቡር ዘበኛ የልምምድ ሰዓት፣ አሠልጣኝና ቀለብ ስለ ነበረው ሰውየውን ለሚመጣው ዓመት አቆይቶ ያዘው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላም ከዚያው ከክቡር ዘበኛ የወጣ ነው። ምሩፅ ይፍጠር ከአየር ኃይል ነው። የጥንቶቹ ጀግኖቻችን ከጦር ሠራዊት የወጡት ወታደር ከተማሪ ይልቅ ሯጭ ሆኖ ስለ ተፈጠረ አይመስለኝም። ወታደሩ በየዓመቱ የሚመለስበት ቡድን ነበረው፤ ተማሪው አልነበረውም።

ትምህርት ቤትም እንዲህ ያለ ቡድን ሊሆን እንደሚችል በቆጂ አሳይታለች። በዚያች የአርሲ ከተማ የስፖርት መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ ከሰውነት ማጠንከሪያ ክፍለ ጊዜያቸው ልጆች እየለዩ ማሠልጠን ጀመሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም የዚያች የአንዲት ከተማ ልጆች ናቸው። የበቆጂ ደጋ ከመካነ ሰላም ደጋ የሚለይበት ተአምር የለም፤ ገብስ ያበቅላል፣ ይበርዳል፣ ዳገት አለው። ልዩነቱ አንድ መምህር በየዓመቱ በዚያው ሜዳ ላይ መገኘቱ ነው።

እዚህ ላይ ለወጣቱ ሯጭ በግልጽ መናገር ያለብን ነገር አለ። ፈጠን ያለ ልጅ ዘጠነኛ ወይም ዐሥረኛ ክፍል ሲደርስ «ትምህርቱን ትተህ ክለብ ግባ» የሚለው አያጣም። ክለብ መግባት ነውር የለውም፤ ደመወዝ አለው፣ ለቤተሰብም ይተርፋል። ነገር ግን የክለብ ውል የሚቆየው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እስከ ቆዩ ድረስ ነው። በ19 ዓመቱ ጅማቱ የተጎዳ ልጅ ወደ ዐሥረኛ ክፍል ልመለስ ቢል አብረውት የነበሩት ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ እሱ ከታናሽ ወንድሙ ጋር መቀመጥ ያፍራል። ብዙዎች በዚህ መንገድ ሁለቱንም አጥተዋል።

የዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬን ታሪክ የምታውቁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ። ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ በተማሪነታቸው ሯጭ ነበሩ፤ በ1957 ዓ.ም. ለተደረገው ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ከተመረጡ በኋላ ጉዞው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሃንጋሪ የትምህርት ዕድል መጣላቸው። አስቡት፤ በአንድ እጅ ቶኪዮ፣ በሌላው እጅ ትምህርት። ሃንጋሪ ሄዱ። ተምረው ተመለሱ፣ አሠልጣኝ ሆኑ፤ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በእጃቸው አለፉ። በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በአንገታቸው ሳያጠልቁ የብዙዎቹ ወርቆች ባለ ድርሻ ነበሩ። ቢሮጡስ ያሸንፉ ነበር ወይ? ያን ማንም አያውቅም።

ሌላው ምሳሌያችን እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም. በኦክስፎርድ አንድ ማይል፣ ማለት 1,609 ሜትር፣ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ሲሮጥ በለንደን የሕክምና ተማሪ ነበረ። የሚለማመደው አብዛኛውን ጊዜ በምሳ ሰዓቱ ነበር፤ ከሆስፒታል ወጥቶ በአቅራቢያው ባለው ሜዳ ሮጦ ወደ ሥራው ይመለሳል። በዚያው ዓመት ሩጫውን ትቶ ታላቅ የነርቭ ሐኪም ሆነ። በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ወንድሞቻችን ይህችን የምሳ ሰዓት ነገር ልብ ብትሏት መልካም ነው። የእኛ የምሳ ሰዓት ከወሬ ያለፈ ሥራ ሲሠራበት አናይም፤ የዚህን ገጽ ጸሐፊ ጨምሮ።

በብዙ የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን የወደቀ ልጅ በቡድኑ አይሰለፍም። ሥርዓቱ ጭካኔ ይመስላል፤ ግን መምህሩንና አሠልጣኙን በአንድ ገመድ ያስራቸዋል። የሒሳብ መምህሩ «ይህ ልጅ በሩጫ ጠፋ» ብሎ አያማርርም፤ አሠልጣኙም የልጁን የሒሳብ ነጥብ ለመጠየቅ ይገደዳል። በመካነ ሰላም ፊደል የሚሰጥ ቢሆን ይህችን አንቀጽ እንዳትረሱ።

ስለ ፊደሉ ራሱ ካነሣን አንድ ሐሳብ አለኝ። ልብስ አልብሶ ማክበር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «ሸለመ» የሚለው ቃላችን ማስጌጥ፣ ማልበስ ማለት ነው፤ በጥንት ዘመን ጀግና የሚሸለመው ካባና ለምድ ነበረ። ስለዚህ ደረት ላይ የተሰፋች ፊደል ከብርጭቆና ከዋንጫ ይልቅ ለቋንቋችን ትቀርባለች። ፊደላችን ደግሞ የአሜሪካኖቹ የሌላት ሀብት አላት። እነሱ ለየዓመቱ መስመር ይጨምራሉ፤ እኛ ግን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ አለን። የመካነ ሰላም ልጅ በዘጠነኛ ክፍል ወራቱን ቢፈጽም «መ» ይሰፋለት፤ በዐሥረኛ «ሙ»፤ በዐሥራ አንደኛ «ሚ»፤ በዐሥራ ሁለተኛ «ማ»። ደረቱን ያየ ሁሉ ስንት ዓመት እንደ ታገሠ ያነባል። ከዓባይ ማዶ የመርጡለ ማርያም ልጆች «እኛም በመ እንጀምራለን» ብለው ቢነሡ ጠቡን ቀለም ይፈታዋል፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሁን።

ለሴቶች ልጆች ግን ነገሩ ከጌጥ ያለፈ ነው። በገጠር ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ የሚጠብቃት ውኃ አለ፣ እንጨት አለ፣ ታናናሾቿ አሉ። ልምምድ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ከተባለ እሷን አትምጪ ማለት ነው። «ሩጫው ምን ሊያደርግላት?» ብሎ የሚጠይቀውን አባት ሜዳው ላይ በተነገረ ጭብጨባ ልታሳምነው አትችልም፤ ቤት ይዛው የምትገባው ነገር ያስፈልጋታል። ርእሰ መምህሩ የፈረሙበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣ ከእሱም ጋር ደረቷ ላይ የምትታይ ፊደል ይዛ በበዓል ቀን በጎረቤት መካከል ብታልፍ፣ የሚቀጥለው ዓመት ክርክር ለእናትዮዋ ጥቂት ይቀልላታል። ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትሩን አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ስትሆን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በትምህርት ቤቷ ሜዳ የሮጠች ተማሪ ነበረች። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ በዚህ ነገር ሊኩራሩብን አይችሉም፤ ለሴት ተማሪዎቻቸው የስፖርቱን በር በሰፊው የከፈተው ሕግ የወጣው ገና በ1972 ነው።

ልምምዱ ጧት ከትምህርት በፊት ወይም በትምህርት ሰዓት መካከል ይሁን። ይህ ለወንዶቹም አይከፋም።

«ሜዳ የለንም» የሚለውን መልስ ሰምተነዋል። በዓለም ላይ የተለመደው መም አንዱ ዙር 400 ሜትር ነው፤ ለብዙ ትምህርት ቤት ቦታው አይበቃም። ነገር ግን 200 ሜትር የሆነ ዙር በአንድ የኳስ ሜዳ ውስጥ ይገባል። ሁለት ችካል 40 ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። 19 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገመድ በአንዱ ችካል ላይ አስራችሁ ወደ ውጭ በኩል ግማሽ ክብ ዙሩ፤ በሌላውም እንዲሁ። የሁለቱን ግማሽ ክቦች ጫፎች በቀጥታ መስመር አገናኙ። በአመድ ወይም በኖራ አስምሩት። በዚህ መስመር ላይ 800 ሜትር አራት ዙር፣ 1,500 ሜትር ሰባት ዙር ተኩል፣ 5,000 ሜትር 25 ዙር ይሆናል። ዝናብ ሲያጥበው እንደ ገና ማስመር ነው።

አሎሎና ዝላይም አትናቁ። በቡድን ግጥሚያ የውርወራ ነጥብ ከሩጫ ነጥብ እኩል ይቆጠራል። ለአዋቂ ወንዶች የተደነገገው አሎሎ 7.26 ኪሎ፣ ለሴቶች 4 ኪሎ ነው፤ ለልጆች ከዚህ ይቀልላል። ሯጭ ብቻ ይዞ የመጣ ትምህርት ቤት አንድ ክንደ ብርቱና አንድ ዘላይ ባለው ትምህርት ቤት ሊሸነፍ ይችላል። ሰውነቱ ደንደን ያለና መሮጥ የማይሆንለት ልጅም በዚህ በኩል ፊደሉን ያገኛል፤ ከዳር ቆሞ ካፖርት ከመጠበቅም ይድናል።

አሁን ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኞች የሚሆን ቃል አለን። ግጥሚያ ሯጭ ብቻ አይበቃውም። መነሻ የሚያስነሣ፣ ሰዓት የሚይዝ፣ መድረሻ ላይ ቆሞ ማን ቀደመ የሚል፣ ውጤቱን የሚጽፍ ያስፈልጋል። መምህሩ አራት ሆኖ አይቆምም። በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በባንኩ፣ በጤና ጣቢያው ያላችሁ፣ ትናንት በዚያው ሜዳ የሮጣችሁ ናችሁ። የቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ብትሰጡ የአንድ ትምህርት ቤት ወራት ይቆማል። መዝገብ መያዝማ የዕለት ሥራችሁ ነው። ስም፣ ክፍል፣ ቀን፣ የውድድሩ ዓይነት፣ ደቂቃና ሴኮንድ፣ ነጥብ፤ ስድስት ዓምድ ነው። ከደብዳቤ መዝገብ አይከብድም፤ ይልቁንም ያስደስታል።

መዝገቡ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች ዓመታቸው ከመካከል ተቆርጧል። ወራት ጀምሮ ያልጨረሰ ልጅ፣ በራሱ ጥፋት ካልሆነ፣ የሮጠው እንዳልሮጠ ሊቆጠርበት አይገባም። ሦስት ግጥሚያ ሮጦ 3 ነጥብ ከያዘ፣ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ከዚያው ከ3 ይቀጥል። ይህ የሚቻለው ግን 3 ነጥቡ በአንድ ደብተር ላይ ተጽፎ፣ ደብተሩም በደኅና ቦታ ተቀምጦ ከተገኘ ነው። ሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱ በትምህርት ቤት፣ አንዱ በአንድ በታመነ ሰው ቤት ይቀመጥ።

ወጪው ብዙ አይደለም። ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ መቀስ፣ ክርና አንድ ልብስ ሰፊ በቂ ነው። አንድ ሜትር ጨርቅ ለብዙ ልጅ ፊደል ይወጣዋል። የሚከብደው ደንቡን መጻፍ ነው፤ ስንት ነጥብ፣ ስንት ቀን ልምምድ፣ በትምህርት ስንት ያመጣ የሚለው ሁሉ ወራቱ ሳይጀመር ተወስኖ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ወራቱ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ የዘመድ ደንብ ይሆናል። የመምህሩ የወንድም ልጅ ስድስት ነጥብ ሳይሞላለት ፊደል ደረቱ ላይ ከታየ፣ ጨርቁ በዚያው ቀን ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

በሚመጣው ሳምንት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ዱላ ቅብብል እንጽፋለን፤ ይልቁንም ሁለተኛው ሯጭ ወደ ኋላ ሳይመለከት ዱላውን እንዴት እንደሚቀበል።